የኬብል ልባስ ያስቀረው የገና ገበያ

እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ፣ የአውሮፓ የገና ገበያ ሊጦፍ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ 1.3 ሚሊዮን የሶኒ ፕሌይስቴሽን መጫወቻዎች ሆላንድ ውስጥ መጋዘን ገብተው ቀሩ። ዕቃው አልተሰረቀም፣ አልተሰበረም፣ ቀረጥም አልተጓደለበትም። የሆላንድ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች የያዙት ከመጫወቻው ጋር አብረው በሚሸጡት ኬብሎች ልባስ ውስጥ አገሪቱ ከምትፈቅደው በላይ ካድሚየም ስለተገኘ ነበር። ካድሚየም ኩላሊትን የሚጎዳ መርዛማ ብረት ነው። ፕላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ቢጫና ቀይ ቀለሙም ደምቆ እንዲቆይ ሲባል ለብዙ ዘመን ከፕላስቲክ ጋር ሲቀላቀል ኖሯል።

በአውሮፓ የመጫወቻ ነጋዴ የዓመቱን ትርፍ የሚለቅመው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። ሶኒ ካርቶን እየከፈተ ኬብል መቀየር፣ መልሶ ማሸግና እንደገና ማጓጓዝ ግድ ሆነበት። በኋላ የታተሙ የንግድ መጻሕፍት ያመለጠውን ሽያጭና የማስተካከያውን ወጪ ደምረው ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያደርሱታል። ኬብሉን የሠራው ደግሞ ሶኒ ራሱ አልነበረም፤ ከአቅራቢ የተገዛ ነው። ኩባንያው ካድሚየሙ የገባበትን ቀዳዳ ሲፈልግ 18 ወራት እንደፈጀበትና ከ6 ሺ በላይ ፋብሪካዎችን እንዳስፈተሸ ይነገራል። «አረንጓዴ ሸሪክ» የተሰኘውን የአቅራቢዎች መመዘኛ የዘረጋውና መመዘኛውን ያላለፈ ፋብሪካ ዕቃ እንዳያቀርብለት ያደረገው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ2001 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ምሁራን አንዱ ጆርጅ አከርሎፍ ነበሩ። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጽሑፍ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚመስል በአሮጌ መኪና ንግድ ምሳሌነት ያሳየ ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ጥሩውን የያዘውም ሻጭ ከገበያ ይወጣል። ኬብልም ከዚህ የተለየ አይደለም። ካድሚየም ያለበትና የሌለበት ጥቁር ኬብል በዓይን ሲታዩ፣ በእጅ ሲዳሰሱና በሚዛን ሲቀመጡ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚያውቀው ፕላስቲኩን የቀመመው ሰው ብቻ ነው።

ሚዛኑ የሚያርፈው የቱ ላይ ነው?

ሆላንድ ሶኒን የያዘችው በራሷ የካድሚየም ደንብ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለአባል አገሮቹ በሙሉ የሚሠራውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ነው። ነጋዴው ዓለም በምህጻረ ቃሉ «ሮህስ» ይለዋል። በመጀመሪያ የተከለከሉት ስድስት ነበሩ። እነሱም ለመበየጃ የሚያገለግለው እርሳስ፣ የፍሎረሰንት መብራት ውስጥ ያለው ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ብሎንና ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚቀባው ስድስተኛ ደረጃ ክሮሚየም፣ እንዲሁም የቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር ቀፎ በቀላሉ እሳት እንዳይይዘው የሚጨመሩ ሁለት የብሮሚን ውሁድ ቤተሰቦች ናቸው። ለአምስቱ የተፈቀደው ጣሪያ ከክብደቱ 0.1 በመቶ ሲሆን፣ ለካድሚየም ግን በአሥር እጥፍ የጠበቀ፣ 0.01 በመቶ ነው።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 0.1 በመቶ ሲባል ሁለት ኪሎ ከሚመዝነው ራዲዮ ላይ የሚሰላ ይመስላል። እንዲያ ቢሆንማ ሁለት ግራም እርሳስ ይፈቀድ ነበር፤ ሕጉም ማንንም ባላስቸገረ። ስሌቱ የሚሠራው ግን በመሣሪያ ተፍቆ፣ ተቆርጦ ወይም ተፈትቶ ከሌላው ሊለይ በማይችለው በእያንዳንዱ ነጠላ ቁስ ላይ ነው። በአንድ ኬብል ውስጥ መዳቡ ለብቻው፣ የውስጡ ልባስ ለብቻው፣ የውጭው ልባስ ለብቻው ይመዘናሉ። ብሎኑና የተቀባው ንጣፍም ሁለት የተለያዩ ቁሶች ናቸው። አሥር ግራም በሚመዝን የኬብል ልባስ ውስጥ የሚፈቀደው ካድሚየም አንድ ሚሊግራም ብቻ ነው። የራዲዮ ጠጋኞች «ሊድ» የሚሉት የድሮው መበየጃ 37 በመቶው እርሳስ ስለነበር ጣሪያውን 370 ጊዜ ያልፋል። አንዲት ነጠብጣብ ብትሆንም ዕቃው በሙሉ ወደቀ ማለት ነው።

እርግጥ ነው ሕጉ በር ሳይተው አልቀረም። ብረት እስከ 0.35 በመቶ፣ አሉሚኒየም እስከ 0.4 በመቶ፣ ናስን የመሳሰሉ የመዳብ ቅልቅሎችም እስከ 4 በመቶ እርሳስ እንዲይዙ ሲፈቀድላቸው ቆይቷል፤ እርሳስ ያለበት ናስ በቀላሉ ስለሚቀረጽ የመሰኪያ ጥርስ የሚሠራው ከእሱ ነው። እነዚህ ፈቃዶች ግን ዘላለማዊ አይደሉም። እያንዳንዱ የማብቂያ ቀን አለው፤ እንዲራዘም የሚፈልግ ኩባንያ ጊዜው ከማለፉ ቢያንስ 18 ወራት አስቀድሞ ማመልከት አለበት። ማመልከቻው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ፈቃዱ ስለሚጸና ቀኑ አልፎበታል የተባለ ፈቃድ ለዓመታት ሲሠራበት ይታያል። ስለዚህ ቀኑን ብቻ አይቶ ዕቃ የጣለም፣ የድሮ ዝርዝር ይዞ ዕቃ የጫነም እኩል ይከስራል።

ዱላው አስመጪው ላይ

መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ተጽፎ ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ ሲሠራበት ለነጋዴው ትልቁ ለውጥ የመጣው ከኬሚካሉ ሳይሆን ከወረቀቱ ነው። አምራቹ ዕቃው ሕጉን የሚያሟላ መሆኑን የሚያስረዳ የቴክኒክ ፋይል ማዘጋጀት፣ የማረጋገጫ ቃል መፈረምና «ሲኢ» የተባለውን ምልክት መለጠፍ አለበት። ፋይሉም ዕቃው ገበያ ከገባ በኋላ ለ10 ዓመት ይቀመጣል። ዕቃውን ከቻይና ወይም ከሌላ አገር ወደ ኅብረቱ የሚያስገባው አስመጪ ደግሞ አምራቹ ይህን ሁሉ መፈጸሙን ሳያረጋግጥ መሸጥ አይችልም። ስሙንና አድራሻውን ዕቃው ላይ ያሰፍራል፤ የማረጋገጫ ቃሉን ቅጂ እሱም 10 ዓመት ያስቀምጣል፤ ጉድለት ሲያገኝ ለተቆጣጣሪው ያሳውቃል፤ ከገበያም ይሰበስባል።

ከሁሉም ይልቅ ደላላና ጅምላ ነጋዴ ሊያጤነው የሚገባ አንድ አንቀጽ አለ። ከሼንዘን ፋብሪካ ዕቃ ገዝቶ የራሱን ስም ወይም የንግድ ምልክት ያተመበት የሃምቡርግ ነጋዴ በሕጉ ፊት አስመጪ መሆኑ ቀርቶ አምራች ይሆናል። ፋብሪካ አይቶ የማያውቅ፣ አንድ ብሎን ያላጠበቀ ሰው የቴክኒክ ፋይሉን ያቅርብ ይባላል። ካርቶን ላይ ስም ማሳተም ርካሽ ነው፤ የሚያስከትለው ዕዳ ግን ርካሽ አይደለም።

ስለ ሲኢ ምልክት በየገበያው የሚወራው ብዙ ነው። አንዳንዱ የመንግሥት ላቦራቶሪ ማኅተም ይመስለዋል፤ ሌላው ሁለቱ ፊደላት ተቀራርበው ከታተሙ «ቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። «ቻይና ኤክስፖርት» የሚባል ምልክት መኖሩን እንደማያውቅ የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ ተጠይቆ መልሷል፤ ተጠግተው የታተሙት ፊደላት በመጠን የተበላሸ ወይም ያለ አግባብ የተለጠፈ የሲኢ ምልክት ከመሆን አያልፉም። ትክክለኛው ምልክትም ቢሆን በሮህስ በኩል የአምራቹ የራሱ ቃል ነው። ማንም መንግሥት ዕቃውን አስቀድሞ መርምሮ አላጸደቀውም። ምልክቱ ዋጋ የሚኖረው ከኋላው ፋይል ሲኖር ብቻ ነው።

ቻይናም የራሷን ደንብ ከማርች 2007 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች፤ አካሄዷ ግን ሌላ ነበር። በመጀመሪያ የጠየቀችው ክልከላ ሳይሆን ግልጽነትን ነው፤ አምራቹ የትኛው ንጥረ ነገር የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ በሰንጠረዥ እንዲያሳይ ታዟል። ከቻርጀርና ከኮምፒዩተር ጀርባ በክብ ቀስት ውስጥ 10 ወይም 20 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ዋስትና እንዳይመስለው። ቁጥሩ ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት መርዙ ሳይወጣ ይቆያል የሚባልበት የዓመታት ብዛት ነው።

የምርመራ ጠመንጃው የማያየው

ታዲያ ነጋዴው ምን ያድርግ? በአንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነጠላ ቁስ ማስመርመር የዕቃውን ትርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል። ሕጉም ይህን አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለው ሥጋቱ ካለበት ጀምር ነው። አቅራቢው የታመነ ከሆነና ቁሱ አደጋ ከሌለው የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊበቃ ይችላል። ለስላሳ ፒቪሲ ኬብል፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ ፕላስቲክ፣ የመበየጃ ነጥብና ዝገት መከላከያ ንጣፍ ግን ከማይታወቅ ፋብሪካ ሲመጡ በቃል አይታለፉም።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ሽጉጥ የሚመስል የኤክስ ሬይ መሣሪያ ነው። ቁሱ ላይ ተደግኖ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ ክሮሚየምና ብሮሚን መኖራቸውንና ግምታዊ መጠናቸውን ይናገራል። ዕቃውን አያበላሽም። ችግሩ የሚያየው ንጥረ ነገርን እንጂ ውሁድን አለመሆኑ ነው። የማይዝግ ብረት ማንኪያ ላይ ቢደገን «ክሮሚየም አለ» ይላል፤ የማንኪያው ክሮሚየም ግን የተከለከለው ዓይነት አይደለም። ብሮሚንም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ጥርጣሬ ሲያሳይ ናሙናው ተፈጭቶና በፈሳሽ ተሟሙቶ ላቦራቶሪ ይገባል፤ ወጪው የሚንረውም እዚህ ላይ ነው።

ወጪውን ይበልጥ ያናረው ሌላ ነገር ነው። የኅብረቱ ዝርዝር በ2015 በወጣ ማሻሻያ ወደ አሥር አደገ። ከጁላይ 22 ቀን 2019 ጀምሮ ዲኢኤችፒን ጨምሮ ፋታሌት የሚባሉ አራት ፕላስቲክ ማለስለሻዎች በ0.1 በመቶ ተገደቡ፤ ለሕክምናና ለመለኪያ መሣሪያዎች ሁለት ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል። ፋታሌት የተሠራው ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከኦክስጅን ስለሆነ የምርመራ ጠመንጃው ጨርሶ አያየውም። መጠኑ ደግሞ እንደ ካድሚየም ጥቂት አይደለም። በዲኢኤችፒ የለሰለሰ ርካሽ ፒቪሲ ኬብል ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉ ይኸው ማለስለሻ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከጣሪያው 300 እጥፍ ማለት ነው። ምትክ ማለስለሻ ገበያ ላይ አለ። ዋጋውም ፋብሪካን የሚዘጋ አይደለም። ሆኖም ኬብል በሚሊዮን ሜትር በሚሸጥበት ንግድ የሳንቲም ልዩነት አንዱን ፋብሪካ ጨረታ ያሸንፈዋል፤ ሌላውን ያስወጣዋል። የአከርሎፍ መኪና እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

አቅራቢው የሚልከው የምርመራ ወረቀትም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ወረቀቱ የሚናገረው ላቦራቶሪው ስለደረሰው ናሙና ብቻ ነው፤ ናሙናውን የመረጠው ደግሞ ሻጩ ራሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቁር ኬብል ላይ የተደረገ ምርመራ ዛሬ ስለሚጫነው ነጭ ኬብል የሚለው ነገር የለም። የሞዴሉ ቁጥር፣ የተመረመረው ክፍል ፎቶግራፍ፣ ቀኑና የቁሶቹ ዝርዝር ከሚጫነው ዕቃ ጋር ሊገጥሙ ይገባል። ወረቀቱ የተፈጠረ መሆን አለመሆኑንም የሪፖርቱን ቁጥር ለላቦራቶሪው በመላክ ማጣራት ይቻላል። ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ሳያጣራ የጫነ ነጋዴ ስሙን የሚያነበው የኅብረቱ ኮሚሽን «ሴፍቲ ጌት» በተባለው ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ በየሳምንቱ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ነው። ሥርዓቱ ከሮህስ የሰፋ ነው፤ ነገር ግን መበየጃው ውስጥ እርሳስ የተገኘበት የጌጥ መብራት፣ የጆሮ ማዳመጫና የባትሪ መጫወቻ በተደጋጋሚ ይታይበታል። ማስጠንቀቂያው ከነፎቶግራፉና ከሞዴሉ ቁጥር ጋር ለሁሉም አባል አገሮች ስለሚደርስ በአንድ አገር የተያዘ ዕቃ በጎረቤት አገርም አይሸጥም።

ሊድ ያለ ሊድ

ሕጉ የማዕድን ገበያውንም ነክቷል። የድሮው መበየጃ 63 በመቶ ቲን፣ 37 በመቶ እርሳስ ነበር። ቲን ሲባል በአማርኛ ቆርቆሮ የምንለው ማዕድን ነው እንጂ የቤት ክዳኑ አይደለም። ቦታውን ከያዙት አዳዲስ ቅልቅሎች ታዋቂው 96.5 በመቶ ቲን፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ ነው። ርካሹ እርሳስ ወጥቶ ውዱ ቲንና ብር ገቡ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ከሚወጣው ቲን ግማሽ ያህሉ የሚሄደው ለመበየጃ ሲሆን፣ በማርች 2022 የአንድ ቶን ዋጋ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ ከ50 ሺ ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። የዚያን ጊዜው ንረት የሕጉ ሥራ ነው ማለት አይቻልም፤ አቅርቦት አጥሮ፣ የኤሌክትሮኒክስ ፍላጎት ጨምሮ ነው። ሕጉ ያደረገው የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎችን ከዚህ ገበያ ጋር በጥብቅ ማሰር ነው።

ፋብሪካዎች ሌላም ዋጋ ከፍለዋል። የድሮው መበየጃ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ አዲሱ የሚቀልጠው ከ217 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ምድጃው፣ የወረዳ ሰሌዳውና ትናንሾቹ ክፍሎች ሁሉ ይህን ሙቀት እንዲችሉ መለወጥ ነበረባቸው። መሐንዲሶችን ይበልጥ ያስፈራቸው ግን ንጹሕ ቲን ከጊዜ ብዛት የሚያበቅለው ፀጉር መሰል ብረት ነው። ይህ ፀጉር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲደርስ ኮረንቲ ያገናኛል። በሜይ 1998 በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፔጀሮችን ድምፅ አልባ ያደረገው የጋላክሲ 4 ሳተላይት ብልሽት ከዚሁ ፀጉር ጋር ተያይዟል። ጥቂት እርሳስ ሲጨመር ፀጉሩ እንደማያድግ ባለሙያዎች ያውቁ ነበር። ኅብረቱም የጦር መሣሪያንና ወደ ጠፈር የሚላኩ ዕቃዎችን ከሕጉ ውጪ አድርጓል።

ፍሎረሰንቱ ወዴት ይሄዳል?

ሮህስ በአውሮፓ ገበያ የሚሠራ ሕግ ነው፤ ከጓንግዡ ወይም ከዱባይ ጭኖ መርካቶ የሚያራግፍ ነጋዴን በቀጥታ አያስገድደውም። ነገር ግን ያው ፋብሪካ ለሁለት ገበያ የሚያመርት ከሆነ ያልተጠየቀው ገበያ የትኛው እንደሚደርሰው መገመት አያዳግትም። የአዲስ አበባ አስመጪ ለአውሮፓ የሚላከውን ሞዴል ከነሰነዱ ለመጠየቅ የሚከለክለው የለም፤ የዋጋውን ልዩነት አስቀድሞ ማወቁም ለድርድር ይጠቅመዋል።

ይበልጥ የሚነካው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ቆጣቢ አምፖልና የፍሎረሰንት ቱቦ ያለ ሜርኩሪ አይሠሩም። ከ30 ዋት በታች ለሆነ ቆጣቢ አምፖል አውሮፓ ትፈቅድ የነበረው ሜርኩሪ ከ5 ሚሊግራም ደረጃ በደረጃ ወርዶ 2.5 ሚሊግራም ደርሶ ነበር። ኤልኢዲ ሲረክስ ግን ፈቃዱን ማራዘም የሚያስፈልግበት ምክንያት ጠፋ። ፈቃዱ ለቆጣቢ አምፖል በፌብሩዋሪ 2023፣ ለተለመዱት ረጃጅም ቱቦዎች በኦገስት 2023 አበቃ። ከዚያ ቀን በፊት ኅብረቱ ገበያ ውስጥ የገባ ዕቃ እስኪያልቅ ይሸጣል፤ አዲስ ግን አይገባም።

ለአውሮፓ የማይሸጥ አምፖል ለሌላው ዓለም ቢሸጥስ? ክርክሩ የተነሳው ወዲያው ነው፤ የአፍሪካ አገሮችም «የተጣለ ዕቃ መጣያ አንሆንም» በሚል መንፈስ በሜርኩሪ ላይ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት ጉባዔ ላይ ጥያቄውን ገፍተውበታል። ጉባዔው በ2022 ባላስት አብሮት ያለው ቆጣቢ አምፖል እስከ 2025፣ በ2023 ደግሞ ረጃጅሙ ቱቦ እንደ ዓይነቱ እስከ 2026 ወይም እስከ 2027 እንዲቆም ወስኗል። አውሮፓም በ2024 ባወጣችው ሕግ የእነዚህ መብራቶች ወደ ውጭ መላክ ጭምር እንዲቀር አድርጋለች።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መብራት ኃይል የድሮውን አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን ሲያድል ይህ አምፖል የዘመኑ ዕቃ ነበር። ዛሬ ብዙ መጠን ለማዘዝ የሚያስብ ጅምላ ነጋዴ የፋብሪካውን ዋጋ መውረድ ዕድል አድርጎ ከማየቱ በፊት ዋጋው ለምን እንደወረደ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የጉባዔው ውሳኔ የሚመለከተው ማምረትን፣ ማስመጣትንና ወደ ውጭ መላክን ነው። መጋዘን የገባው ቱቦ አይወረስም፤ የተቃጠለውን የሚተካ አዲስ ቱቦና ስታርተር የሚያመርት ፋብሪካ ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል።